ለማጋሌ በቀን የነገርኳት ተረት

ይህን ነገር ለአሥራ ሁለት ዓመት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል አብራኝ ለኖረችው ጓደኛዬም አልነገርኩም፤ ንስሐ አባቴ ፊት ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እሱን ዘልዬዋለሁ። ሲነገር ትንሽ ነገር ነው፣ ሊያስቅም ይችላል። ልጅ ሳለሁ፣ ነገሌ ቦረና፣ በጠራራ ፀሐይ ለአንዲት ላም ተረት ነገርኩ። ላሟም በዚያው ቀን ጠፋች።

አባቴ ከወሎ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። የተከራየነው ቤት አጥር ከአባ ጃርሶ አጥር ጋር የተያያዘ ነበር። አባ ጃርሶ አባቴ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። በወጣትነታቸው በአሬሮ በኩል ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ከብት ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ድርቅ መንጋቸውን ሲጨርስባቸው ግን ወደ ከተማ ገቡ። ከዚያ ሁሉ ከብት የተረፈቻቸው አንዲት ጠይም ጊደር ብቻ ነበረች። እኛ ስንደርስ ጊደሯ ላም ሆናለች። በቆዳዋ ቀለም ማጋሌ ይሏታል፤ ጠይሟ ማለት ነው።

ያኔ ነገሌ ላይ መብራት ከሚበራበት ማታ የማይበራበት ይበልጥ ነበር። መብራት ሲሄድ የሰፈሩ ልጆች «ሄደ!» እያልን በአጥሩ ሽንቁር ሾልከን አባ ጃርሶ ግቢ እንገባለን። እሳቸው የግራር ግንድ አንድደው፣ ጢሱ ወደኛ ሲመጣ በባርኔጣቸው ወደ አጥሩ እያባረሩ ይጠብቁናል። በሩ ላይ ፋኖስ ይንጠለጠላል፤ የእሳት እራቶች ብርጭቆውን ሲመቱት የሚሰማው ትንሽዬ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከተረቱ በፊት ሁልጊዜ ዜማ ይቀድማል። ጉድጓድ ውስጥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ደረጃ ሠርተው ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት ዜማ ነው። ከታች ያለው ይጀምራል፣ ከላይ ያለው ይቀበለዋል፤ ባልዲው በእጅ ሲያልፍ ዜማውም አብሮት ያልፋል። አባ ጃርሶ የአራቱንም ሰው ድምፅ ብቻቸውን ያወጡት ነበር። ጭናቸውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ ከፍ ዝቅ እያሉ፣ የሌሉ ከብቶችን በየስማቸው ወደ ውሃው ይጠሩ ነበር።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሰሚ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ኤ» ማለት አለበት፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» እንደማለት ነው። «ኤ» የሚል ከጠፋ ተረቱ እዚያው ላይ ይቆማል።

«አሁን ለማን ነው የማወራው? ለግንዱ?» ይላሉ እሳቱን እየቆሰቆሱ።

እኔ ዓይነ አፋር ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ጆሮዬ ይግላል፣ የማውቀው መልስ ይጠፋኛል። ሰው ፊት ከአፌ የሚወጣው ቃል ያቺ «ኤ» ብቻ ነበረች፤ እሷን ግን አንድም ማታ አጉድዬባቸው አላውቅም። የልጅ ልጃቸው ኤሌማ፣ እኩያዬ ናት፣ ትስቅብኝ ነበር።

«ይቺ ልጅ ከኤ ሌላ ፊደል አታውቅም እንዴ? ደግሞ አባቷ አስተማሪ ነው!»

«ተያት» ይሏታል አባ ጃርሶ። «አንቺ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ታንኮራፊያለሽ፤ እኔ የምናገረው ለሷ ነው።»

ሁለተኛው ሕግ፣ ተረት በቀን አይነገርም። በቀን ከተነገረ ከብት ይጠፋል። ይህንን ሲናገሩ አይስቁም ነበር። ከመንጋ አንዲት ላም ለተረፈችው ሰው ቀልድ አይደለም።

አንድ ማታ፣ ሲያሰናብቱን፣ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ነገ ማታ አንቺ ትነግሪናለሽ። እኔ ኤ እላለሁ።» ኤሌማ እልል አለች። እኔ በሽንቁሩ ሮጬ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። ቀትር ላይ ተመልሼ በሽንቁሩ ገባሁ። አባ ጃርሶ ሥራ ላይ ናቸው፣ ግቢው ጭር ብሏል። ማጋሌ ከግራሩ ሥር ታስራ ታመሰኳለች። መለማመድ ነበረብኝ፤ በዓለም ላይ የማላፍራት ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች። ፊቷ ቁጢጥ አልኩና ጀመርኩላት።

ተረቱ ስለ አንድ ዘፋኝ ነው። ከውሃ ቀጂዎቹ ሁሉ እንደሱ የሚዘፍን አልነበረም። አንድ ቀን ውሃ ቀድቶ ሲወጣ ድምፁ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረበት። ቤቱ ደርሶ ሚስቱን ሊጠራ አፉን ቢከፍት ምንም የለም። በየመንደሩ እየዞረ በጣቱ ወደ ጉድጓዱ ቢያመለክት፣ ሰው ሁሉ የጠማው እየመሰለው ውሃ ይሰጠዋል። ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ ሊፈነዳ ሲል፣ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰና የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ስደርስ እናቴ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች፤ «አንቺ ልጅ፣ የት ገባሽ? ውሃው መጥቷል፣ ጀሪካኑን አምጪ!» ትቼ ሮጥኩ።

ሕጉን ረስቼው ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። መሐል ላይ ትዝ ብሎኛል። ላም ናት፣ አይቆጠርም ብዬ ቀጠልኩ። ያን ያህል ዓመት የበላኝ ይኸው ነው።

አሥር ሰዓት ገደማ ኤሌማ ስታለቅስ ሰማሁ። ግራሩ ሥር የተበጠሰ ገመድ ብቻ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፣ በመንገዱ ከብት ሲነዳ ውሏል። አባ ጃርሶ ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያን ማታ መብራት ሄደ፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን እሳት አልነደደም። ተረት ንገሪ የሚለኝ ሰው እንደሌለ ሳስብ ቅልል አለኝ። ወዲያው ደግሞ በዚያው ቅልል ማለቴ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ በሽንቁሩ ገብቼ አላውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ አባቴ ወደ ክብረ መንግሥት ተዛወረ። ዕቃችን መኪና ላይ ሲጫን አባ ጃርሶ መጥተው በረጅሙ መረቁን፤ እኔ ፍራሾቹ ኋላ ተደብቄ ነበር።

ማንበብ የጀመርኩት ክብረ መንግሥት ነው። ሰው የአባቷ ልጅ፣ ጎበዝ ይል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ተረት ድምፅ ስለማይወጣው በቀን ቢነበብም የማንም ከብት አይጠፋም ብዬ አስቤ ነው። ከንፈሬን ገጥሜ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ እጄ የገባውን ሁሉ አነበብኩ፤ አራት ነጥብ ላይ በደረስኩ ቁጥር በሆዴ «ኤ» እላለሁ።

ዩኒቨርሲቲ በገባን በወሩ የተማሪዎች ክበብ መመዝገቢያ ቅጽ ሰጡን። «የግል ዝንባሌ» በሚለው ቦታ ላይ ሙዚቃ፣ ፍልስፍና፣ ንባብ ብዬ ጻፍኩ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ አይታ ሳቀች።

«ንባቡስ ይሁን። ሙዚቃ? አንቺ? ሻወር ቤት እንኳ ስታንጎራጉሪ ተሰምተሽ አታውቂም!»

እውነቷን ነበር። እኔ ግን በጆሮ ማዳመጫ ስንት ዓይነት ዜማ እፈልግ ነበር፤ የአጫጆች፣ የወቂዎች፣ ድምፅ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፍበትን ሁሉ። ከታች የሚጀምረውን ሰው ስሰማ ከላይ ማን እንደሚቀበለው እጠብቃለሁ። ሙዚቃ እወዳለሁ ስል ይኸን ማለቴ ነው። ፍልስፍናን የወደድኩት ደግሞ በተቃራኒው ምክንያት ነው፤ «ኤ» አለማለት እንደሚቻል ያየሁት እዚያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል፣ እኔ ግን «ቆይ እስቲ» ብዬ ወደኋላ እመለሳለሁ። የሎጂክ መምህራችን አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለሆነ ብቻ በሌላው ምክንያት ሆነ አይባልም ያሉን ቀን፣ ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ፈተናውን ደፈንኩት። ከዚያ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ገብቶኝም ምንም አልተለወጠም። «ማጋሌን ያጠፋሻት አንቺ ነሽ» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ «ኤ» ስል ኖሬያለሁ፤ ያንን ደብተሩ ሊሰርዘው አልቻለም።

ሦስተኛ ዓመቴን ስጨርስ፣ ለእናቴ ጓደኛ ልጠይቅ ነው ብዬ ነገሌ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ፣ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ፣ የድሮው አጥር ጋ ወረድኩ። በሩን የከፈተችው ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። አየችኝ፣ አፏን በእጇ ያዘች።

«አባባ! ይኸው ኤ መጣች!»

ኤሌማ ናት። አባ ጃርሶ ከግራሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደመና ለብሷል፤ እጄን ይዘው በጣቶቻቸው ለዩኝ።

«አካም፣ ኢንታላ ኮ? ናጋ?»

«ናጋ» አልኩ። ከዚያ ሌላ ሰላምታ መጨረስ አልቻልኩም። «አባ ጃርሶ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ማጋሌን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

እጄን ሳይለቁ ወደኔ ዘመም አሉ። «ሸጥሻት?»

«ኧረ አልሸጥኳትም! ተረት ነገርኳት። በቀን።»

ኤሌማ ሳቋ አመለጣት። አባ ጃርሶ ዱላቸውን አነሱባት። እሳቸው አልሳቁም። ስለዚህም እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

«ሰው ነበረ አጠገብሽ? እረኛ? ሕፃን?»

«ማንም አልነበረም። እሷ ብቻ።»

«ለላም!» አሉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ኢንታላ ኮ፣ ጉድጓድ ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ሆና ከጠዋት እስከ ማታ ስንዘፍን የምንውለው ለማን ነው? ለከብት እኮ ነው። እያንዳንዷን በስሟ፣ በእናቷ፣ በአያቷ እየጠራን። ለከብት በቀን ማውራት ከብት የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ቦረና አንድ ጥጃ ይተርፈው ነበር? ክልከላው ለጠባቂ ነው። ጠባቂ ተረት ከያዘው ዓይኑን ከከብቱ ያነሳል። ማጋሌ ማንን ትጠብቃለች?»

 መጻሕፍቱ ሁሉ ከውጭ ሆነው ሕጉን ሊያፈርሱልኝ ሲታገሉ ነበር፤ እሳቸው ከውስጥ ሆነው በሩን ከፈቱልኝ።

«ገመዱ ደግሞ አሮጌ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ይቀየር ሲሉኝ ነገ ነገ እያልኩ። እኔም ይህን ለማንም አልተናገርኩም።»

«እናንተ ደግሞ!» አለች ኤሌማ። «ላሟ የሞተች ታስመስላላችሁ። አባባ፣ አልሰማችም እኮ! እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው የተገኘችው።»

«ተገኘች?»

«የገበያ መንጋ ተከትላ ሄዳ ነው። የኛ ጎሳ ሰው በጆሮዋ ምልክት አወቃት፤ ያዛትና ክረምቱ ሲወጣ መልእክት ላከልን። አርግዛ ነበር ያገኛት። ሳሩ እሱ ዘንድ ይሻላታል ብለን ተውናት። ያቻትና የልጅ ልጇ፣ ተመልከቻት።»

ከአጥሩ ጥግ አንዲት ጠይም ጊደር ጆሮዋን እያራገበች ታየኛለች። መሳቅ ጀመርኩ፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ኤሌማ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አስታቀፈችኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የሚያዝ ነገር የሚያስፈልገኝ መስሏት ይሆናል።

«ታዲያ ላሟ ከተገኘች» አልኳቸው ትንፋሽ ስመልስ፣ «ከዚያ በኋላ ተረት ተመለሰ?»

«ለማን?» አሉ አባ ጃርሶ። «ኤ የምትለኝ ክብረ መንግሥት ሄደችብኝ። ይቺ እንደሆነች ታንኮራፋለች።»

ያን ማታ መብራት ነበረ፤ እሳቸው አጥፉት አሉ። ግንድ ነደደ፣ ጢሱም እንደ ድሮው ወደኔ መጣ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ የአራቱን ሰው ዜማ ሲያወጡ በሦስተኛው ላይ ያስላቸዋል። አንድ ተረት ነገሩን። አንድም «ኤ» አላጎደልኩባቸውም። ንገሪ አላሉኝም፤ ፍሙን በአመድ ሲያለብሱ «አንቺ ደግሞ ስትፈልጊ» ብቻ አሉኝ። እንደዚያ ማታ የተኛሁት እንቅልፍ ትዝ አይለኝም፤ ክብደት ከላዬ ላይ ወርዶ አጠገቤ የተኛ ይመስል ነበር።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሚናገሩትን ዝም ብዬ ስሰማ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩኛል መሰለኝ። ከዚያ ግቢ ከተረፈኝ ሁሉ ግን አብልጬ የምይዘው የዚያን ማታ ማግስት ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ከፍ ስትል ተነሳሁ። ኤሌማ ገበያ ወጥታለች። በርጩማውን ወስጄ ጊደሯ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ አያቷ ዘንድ ካቆምኩበት ቀጠልኩላት።

«ሰውዬው የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሳለ» አልኳት፣ «ለካስ አንዲት ጥጃ ተከትላው ኖሯል። በየቀኑ በስሟ እየጠራ ውሃ ያጠጣት የነበረች ጥጃ ናት። አንገቷን ወደ ጉድጓዱ አስግጋ ጮኸች። ከታች፣ ከጨለማው ውስጥ፣ በሰውዬው ድምፅ ስሟ ተጠራ።»

ጊደሯ ማመስኳቷን አቆመች። ከጀርባዬ፣ ከቤቱ ውስጥ፣ ገና ከመኝታቸው ያልተነሱት አባ ጃርሶ «ኤ» አሉ።