በምንም አልመጣሁም

ቅናት የሴት ነው የሚል ሰው እኔን አላየኝም።

ጂንካ ማዘጋጃ ቤት የተቀጠርኩት የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። የከተማዋን ካርታ በሜትር ለክቼ፣ በማስመሪያና በቀለም የሳልኩት እኔ ነኝ። በድንበር የተጣላ ሁሉ «እሱን ጠይቁት» ይባል ነበር፤ መጠየቁንም ለምጄው ነበር። ዘንድሮ አራት ዓመት ይሆነዋል፣ አንዲት ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ወጣት ባለሙያ ላፕቶፗን አንግታ መጣችና ጠያቂዎቼን ሁሉ ወሰደችብኝ።

የመጣችው ካርቦን የሚቀንስ የከተማ ፕላን ልትሠራ ነበር። እኔ የማውቀው ካርቦን ለመገልበጥ ሁለት ወረቀት መሃል የሚገባውን ሰማያዊውን ነው። «እሱማ ከቀረ ቆየ» አልኳት። ቢሮው ሳቀ። እሷ ግን የመኪናና የባጃጅ ጭስ እንዲቀንስ፣ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር በእግሩ የሚሄድባት ከተማ ማለቷ እንደሆነ በትህትና አስረዳችኝ። ትህትናዋ ይበልጥ አበሸቀኝ። በማግስቱ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ድሮን አስነስታ፣ እኔ ሁለት በጋ የፈጀሁበትን ልኬት ምሳ ሳይደርስ ጨረሰችው። አንጀቴ አረረ።

ቀጥላ በታብሌት የሚሞላ መጠይቅ አዘጋጀች። ሰው ከየት ተነስቶ በምን እንደሚመጣ ይመዘገባል፤ ኮምፒውተሩም ብዙ ሰው የሚሄድበትን መንገድ አወፍሮ ይስላል። ዛፍና የእግረኛ መንገድ የሚደርሰው ለወፍራሙ መስመር ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰዉን ያውቁታል፤ ጥያቄዎቹን ይዩልኝ» አለችኝ።

ሳላነብ «ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩላት።

ቅዳሜ ገበያው መግቢያ ላይ ታብሌት ከያዘችው መዝጋቢ አጠገብ ቆምኩ። ከአሪ መንደር ሙዝ ተሸክመው የመጡ እናት «በምን መጡ?» ተባሉ።

«በምንም አልመጣሁም» አሉ።

መዝጋቢዋ «አልተጓዘም» የሚለውን ነካች። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ «በሰላም» ብሎ መለሰ፤ እሱም «ሌላ» ውስጥ ገባ። እኛ ዘንድ በእግሩ የመጣ ሰው በምንም አልመጣም፤ እግርን ከመጓጓዣ የሚቆጥር የለም። ስህተቱ ወዲያው ገባኝ። ዝም አልኩ። ውስጤ ጮቤ ረገጠ፣ አልዋሽም።

ካርታው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ሲታይ የባጃጁ መንገድ ወፍሯል፤ የመንደሮቹ ሰው የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ አቋርጦ ገበያ የሚገባበት መንገድ ግን የለም። ሥራ አስኪያጁ «ሰው ካልሄደበት ለሱቅ እንስጠው» ብሎ ሊያጸድቅ ብዕሩን አነሳ። እኚያ እናት ሙዛቸውን እንደተሸከሙ በሱቆቹ ጀርባ በፀሐይ ሲዞሩ ታዩኝ። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «በምንም አልመጣሁም» ያለው ሁሉ በእግሩ የመጣ እንደሆነ ተናገርኩ።

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ መቼ አወቁት?» አለችኝ።

«የመጀመሪያው ቀን።»

ፊቷ ጠቆረ። ሥራ አስኪያጁ ምዝገባው እንደገና እንዲሠራ አዘዘና ወደ ሁላችንም ዞረ። «ለመሆኑ ይሄን ጥያቄ አይቶ ያሳለፈው ማነው?»

ዓይኔን ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ላይ ተከልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ስህተቱ የእኔ ነው።»

በድሮኗ ቀንቻለሁ፣ በላፕቶፗ ቀንቻለሁ፣ በዕድሜዋም ቀንቻለሁ። ያን ቀን እንደቀናሁባት ግን በማንም ቀንቼ አላውቅም።