ወልድያ ላይ ያጋለጠኝ ጆሮዬ

«ሁለቱም ጆሮው መልሷል አልኩሽ እኮ፣ እህቴ!»

«ምን ብሎ? እኔ አጠገቡ ቆሜ ስጮህ ዝም ያለ ጆሮ ላንተ ማሽን ይመልሳል?»

ወልድያ፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነን። ባለቤቴ ሰናይት ከጆሮ መርማሪው ጋር ተያይዛለች፤ እኔ መሃላቸው ደንቆሮ መስዬ ተቀምጫለሁ። ቅዱሳን፣ ዛሬ እዚህ ጉባኤው ፊት ልመሰክር የቆምኩት ጌታ ከዚያ ወንበር እንዴት እንዳነሳኝ ነው። ስሙ ይባረክ!

መርማሪው ባቄላ የምታክል ለስላሳ ውታፍ ጆሮዬ ውስጥ ከቶ ነበር። «ይቺ ድምፅ ትልካለች። የውስጥ ጆሮ ጤነኛ ከሆነ እሱም ቀጭን ድምፅ መልሶ ያወጣል፤ ማሽኑ ያንን ይለቅማል። ታካሚው ራሱ ምንም መናገር የለበትም» ብሎ ለሰናይት ሲያስረዳት በላብ ተጠመቅኩ። አፌን ቆልፌ ስቀመጥ ለካ ጆሮዬ የጓሮ በር ነበረው!

የመርሳን መስኖ ታውቁታላችሁ። የውሃ አባታችን ጋሽ ይመር ከቦዩ ራስ ሆነው «ዝጋ!» ሲሉ ባለተራው ይዘጋል፣ ቀጣዩ ይከፍታል። አንድ ቀን ከኔ ቀጥሎ ተራው የጎረቤታችን የእትዬ ከበቡሽ ሽንኩርት ነበር። ጋሽ ይመር ሦስቴ ጠሩ። ሦስቱንም ሰማሁ። ፓፓያዬ ሥር ቁጭ ብዬ ስለ ፍትሕ ግጥም እየጻፍኩ፣ ውሃውን ማሳዬ እስኪጥለቀለቅ ለቀቅኩት። የእትዬ ከበቡሽ ተራ አለፋቸው። ሽማግሌ ፊት ስቀርብ «ጆሮዬ ጠፍቷል፤ አልሰማሁም» አልኩ።

በቃ፣ በዚች የማመልጥ መስሎኝ ነበር። እናንተ ግን ጾም አወጃችሁ! እጅ ጫናችሁብኝ! አንዱ ወንድም ግራ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ «ተከፈት!» ብሎ ሲጮህ እውነትም ልደነቁር ነበር።

መርማሪው ቀጠለ፦ «የውስጥ ጆሮው ደህና ነው። ምናልባት ከዚያ ወዲያ ያለው ነርቭ ከሆነ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።»

ወገኖቼ፣ ነርቭ! ማምለጫ! በልቤ «ነርቭ ይሁን፣ ነርቭ ይሁን» እያልኩ ሳለ ሰናይት እንባዋን ጠረገች። «እትዬ ከበቡሽ የሚባሉ ጎረቤታችን ጆሮው ካልተከፈተ አልበላም ብለው ሦስት ቀናቸው ነው። የራሳቸው ሽንኩርት እየደረቀ» አለችው።

«ይብሉ በያቸው!» አልኩ።

መርማሪው ውታፉን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም» አለ።

ወደ መርሳ በሚመልሰን ሚኒባስ ውስጥ ሰናይት ከኔ ርቃ ኋላ ወንበር ተቀመጠች። እኔ መስኮቱ ላይ ተደግፌ «ጌታ ሆይ፣ ለጆሮዬ የጸለዩትን ለአፌ አድርገው» ብዬ አለቀስኩ። አደረገው! ሃሌ ሉያ! ይኸው ዛሬ በተፈወሰ አፍ እናገራለሁ። እናንተም ውሸት ታቅፋችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ እሱን እመኑት። ማሳፈሩን ያሳፍራል እንጂ አይጥልም።

ይህን መስክሬ ሳበቃ እትዬ ከበቡሽ ከጸሎት ቤቱ የፊት ወንበር ተነሱ።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ ውሃው የማን ነው?»

«የኔ... አሁን የኔ ተራ ነው። ይውሰዱት፤ ሽንኩርትዎ ሥሩ ገና አልሞተም።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። «አሜኑን እናንተ በሉልኝ።»

በመቀመጫዎቹ መሃል ወደ ቦዩ እየተጣደፉ ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።