ቀለሃ ይዞብኛል

ንብረት ወልደ ዮሐንስ ቁጡ ሰው ነው። እሱም አይደብቀውም፣ እኛም አንደብቅለትም። ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ከተማ ውስጥ በብየዳ ቤቱ በኩል የሚያልፍ ሰው ከመዶሻው በፊት የእሱን ጩኸት ይሰማል። በር ያዘዘውን ሰው ለምን አዘዝክ ብሎ ይቆጣዋል። ጠብመንጃ ይዞለት የመጣውን ገበሬ ደግሞ ሰላም እንኳ ሳይለው «ጥይት አጉርሰሃል?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ያም ሆኖ ከደምቢያ እስከ ወገራ ያለ ባለመሣሪያ፣ ሲሞኖፍ ጠብመንጃው ተኩሶ ባዶውን ቀለሃ አልተፋ ሲለው፣ ቁጣውን ችሎ ወደ እሱው ይመጣል።

ሙያውን ያወረሱት አባቱ ናቸው። አያ ወልደ ዮሐንስ ከዳባት በላይ ባለች መንደር የሚያርሱ ሰው ነበሩ። አንጥረኛ የነበሩት የቤተ እስራኤል ጎረቤታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ከአገር ሲወጡ ወናፋቸውንና ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፋቸውን ለእሳቸው ትተውላቸው ሄዱ። ብረት መቀጥቀጡንም ያስተማሯቸው እኚሁ ጎረቤት ናቸው። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ወልደ ዮሐንስን ቀጥቃጭ አላቸው። ማረሻው በእጃቸው ይሳላል፣ ጠብመንጃው በእጃቸው ይጠገናል፤ በመንገድ ሲያልፉ ግን እናት ሕፃኗን በነጠላዋ ትሸፍንባቸዋለች። ዓይናቸው ይበላል ተብሎ ነው። አባትየው በነገሩ ይስቁ ነበር። ንብረት ግን አንድ ቀን እንኳ አልሳቀም።

አባቱ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። በዚያ አገር ሽማግሌ ሲሞት ይተኮሳል፤ የሟች ክብሩ ነው። ክብሩን የሚሰጠው ደግሞ አገሬው እንጂ ልጅ አይደለም። ንብረት «ምነው?» ብሎ ሲጠይቅ ዝናብ መጣብን አሉት። እሺ፣ ሠልስት አለ ብሎ ንዴቱን ዋጠ። ከዚህ በቀር ከዚያ መንደር የሚፈልገው ነገር አልነበረም። እንዲተኮስላቸው ብቻ።

የሠልስቱ ዕለት ወንዶቹ ጠብመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። አልቃሿ የአያ ወልደ ዮሐንስን ስም ጠርታ፣ ሙያቸውን ዘርዝራ ስትጨርስ ዝም አለች። የሚተኮሰው ያን ጊዜ ነው። ማንም አልተነሳም። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ሣር ይነጫል። ንብረት ከሁሉም በዕድሜ ወደሚበልጡት ወደ አያ ፈንታዬ ዞረ። ባለፈው ሰኔ ጠብመንጃቸውን ያደሱላቸው እኚሁ ሟች ነበሩ።

«አያ ፈንታዬ፣ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ቀለሃ ይዞብኛል። በሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ ብዬ እንጂ።»

«የኔም አይተፋም» አለ ከአጠገባቸው ያለው። ሦስተኛውም ያንኑ ደገመ፤ ከኋላ ያሉትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉንፋን እንኳ እንዲህ ቶሎ አይጋባም። ለቀጥቃጭ አንተኩስም ብሎ በአፉ የሚናገር ወንድ ስለጠፋ ነው ነገሩ በጠብመንጃ የተላከከው።

ንብረት ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሚያውቁት ሰዎች ከጩኸቱ ይልቅ የሚፈሩት ይህንን ነው። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ሣሩ ላይ ዘረጋ።

«ሸጋ። የመጣችሁት ጠብመንጃ ጠጋኝ ቤት ነው። አምጡት።»

እህቱ ይመኙሽ እጅጌውን ያዘችው። «ተው ወንድም ጋሼ፣ የአባታችን ለቅሶ ነው።»

«የአባታችን ለቅሶ ስለሆነ ነው» አላት።

እምቢ ማለት አይቻልም፤ ችግር አለብኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። የአያ ፈንታዬን ተቀብሎ መጀመሪያ ጥይቱን አራገፈ። ቀለሃውን ነክሶ የሚያወጣውን ጥፍር በአውራ ጣቱ ሞከረው፤ ጠንካራ ነው። ጢሱ የሚያልፍበትን ቱቦ አየው፤ ንጹሕ ነው። ከኪሱ ባዶ ቀለሃ አውጥቶ አጎረሰና ማቀባበያውን ሳበው። ቀለሃው ተፈናጥሮ አያ ፈንታዬ ጭን ላይ ወደቀ።

«ብረቱ ደህና ነው» አላቸው። «የወለወለው አባቴ ነው፣ እጁን አውቀዋለሁ። በሽታው ሌላ ቦታ ነው።»

ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ እየፈተሸ «ደህና ነው» እያለ መለሰ። ባለቤቶቹ ዓይኑን ሳያዩ ይቀበሉታል። አሁንም የሚተኩስ የለም።

ይህን ጊዜ አለምነህ ደረሰ። ከመንደሩ ሥር ካለው ገደል ማዶ፣ ከቆላው የመጣ፣ በልጅነቱ እነ ንብረት ቤት ብዙ ክረምት የከረመ ጎልማሳ ነው። እግሩ አቧራ ለብሷል፤ ጠብመንጃውን በኩታ ጠቅልሎ ታቅፎታል። ሰዎቹ መሣሪያ ሲያስፈትሹ አይቶ እሱም ተጠጋ።

«ጋሼ፣ የኔም ቀለሃ ይዞብኛል።»

ንብረት የዋጠው ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። «አንተም? የአባቴን እንጀራ በልተህ ያደግህ አንተም? እነዚህስ ባዳ ናቸው። አንተ የራስህ ውሸት እንኳ የለህም፣ የእነሱን ተውሰህ ነው የምትዋሸኝ። ሂድ ከፊቴ፣ ብረትህን አልነካም።»

አለምነህ ጥቅልሉን ጋቢው ላይ አኑሮ ወደ ኋላ ቆመ። ንብረት ይበልጥ ሊያሳፍረው ፈልጎ ኩታውን ገለጠው።

የጠብመንጃው ጥይት መጉረሻ ተከፍቶ ቀርቷል። አንድ ጥይት ከፊቱ ያለውን ቀለሃ ገፍቶ ተሰንቅሯል። ንብረት ጥይቱን ቀስ ብሎ አላቀቀ፤ ካዝናውንም አራገፈ። ማቀባበያውን ሲስብ ጥፍሩ እየሳተ ይመለሳል። ጥፍሩ ሥር አቧራ የጠጣ ነጭ ነገር ረግቷል። አሸተተው።

«ምን ቀባኸው?»

«ቅቤ። ለአያ ለቅሶ እንዲያምር ብዬ ነው።»

ቆላ ላይ ፈሳሽ የነበረው ቅቤ ደጋው ላይ ሲወጣ ረግቶ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ንብረት ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ይጮህ ነበር። ዘንጉን በአፈሙዙ ሰዶ ገፋው፤ ቀለሃው መዳፉ ላይ ወደቀ። ባዶ ነው። ባሩዱ ገና ይሸታል።

«መቼ ነው የተኮስከው?»

«ጠዋት። ማዶ አፋፉ ላይ ስደርስ የአያ ቤት ታየኝ፣ አንዱን ተኮስኩ። ልደግም ስል ያዘብኝ። ነፋሱ ወደኔ ስለነበር አልተሰማችሁም መሰለኝ።»

ንብረት በጋቢው ጫፍ ቅቤውን ይጠርግ ጀመር። ንዴቱ አልበረደም፤ በአያ ፈንታዬ ተናዷል፣ በመንደሩ ተናዷል፣ ከሁሉም በላይ በገዛ አፉ ተናዷል። የሰደበው በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም በሰው ፊት መጠየቅ ነበረበት። እንዴት እንደሚባል ግን አላወቀበትም። ጠርጎ ሲጨርስ ጥፍሩን ሞከረው፣ ጥይቶቹን መለሰለት፣ ተነሥቶም ጠብመንጃውን በሁለት እጁ ሰጠው።

«አለምነህ» አለው፤ «እኔ አልሰማሁትም። ድገምልኝ።»