ጋሽ ነስሩ የሠሩት ፒያኖ

ባለፈው ሳምንት ከቴፒ ስመለስ ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናብ ያዘኝና ገበያው አጠገብ ካለ እንጨት ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ውስጥ ዋንዛ እየተላገ ነበር። የሰጋቱራው ሽታ ሲያውደኝ ጋሽ ነስሩ ትዝ አሉኝ።

ያኔ እዚሁ ሚዛን የሃያ ሦስት ዓመት የሙዚቃ መምህርት ነበርኩ። ጋሽ ነስሩ ከጅማ በኩል የመጡ፣ አልጋና ቁምሳጥን የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ ምስጥ የበላው ፒያኖ እንዳለ ነግሬያቸው ሊያዩት መጡ። ሽቦዎቹና ሽቦውን የሚመቱት ትንንሽ መዶሻዎች ደህና ነበሩ። ጎንበስ ብለው ሲመረምሩት ቆዩና፣ ሽቦው እንዲህ ከሚቆም ተኝቶ ቢዘረጋ ድምፁ ይሰፋ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደዚያ ያለው ግራንድ ፒያኖ እንደሚባል ነገርኳቸው።

"እንግዲያው እሱን እንሥራ" አሉ።

ስምንት ወር ፈጀብን። ሽቦውን የሚሸከመውን ብረት ከአሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ አስበየዱ። አካሉ ዋንዛ ሆነ፤ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሰሌዳ ደግሞ ከሸኮ ጫካ የመጣ የቀረሮ እንጨት። በሚዛን እርጥበት እንጨት ቶሎ አይደርቅምና ሳንቃዎቹን ቡና ማስጫ አልጋ ላይ ከቡናው ጎን አሰጧቸው። የቡናው ሠራተኞች ቡናውን ሲያገላብጡ ሳንቃዎቹንም ያገላብጡልን ነበር። ምሳችን የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ነው፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ከዚያ ወዲህ የለም።

ሽቦ የምንወጥርበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ነስሩ ዛሬ ግማሹን ብቻ፣ የቀረውን እንጨቱ ሲለምደው ብለው አስጠነቀቁኝና ለጁምዓ ሶላት ሄዱ። እኔ ግን ድምፁን ለመስማት ቸኮልኩ። የሽቦ ማጥበቂያ መፍቻውን ይዤ ሁሉንም አጠበቅኩ። አንዱን ወፍራም ድምፅ መታሁት፤ ክፍሉን ሞላው። ወዲያው ከሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር።

ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሜ እያለቀስኩ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስንጥቁን በጣታቸው እስከ መጨረሻው ተከተሉት።

"ከመሰንጠቁ በፊት መትተሽው ነበር?"

"አንዴ።"

"ድምፁ እንዴት ነበር?"

"እንደሱ ያለ ሰምቼ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አልተሳሳትንም። ሌላ ሰሌዳ እንሠራለን።"

በጋው እስኪገባ ጠበቅን። ሁለተኛው ሰሌዳ ከተገጠመ በኋላ ጋሽ ነስሩ መፍቻውን እጄ ላይ አስቀመጡና፣ ጁምዓ ነው ብለው ወጡ። ያን ቀን ግማሹን ወጥሬ እጄን ሰበሰብኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስጫወትላቸው የሥራ ቤታቸው በረንዳ በሰው ሞልቶ ነበር።

አሁን እኔ ራሴ የእሳቸው ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ተማሪዎቼ የለፋሁበትን ነገር ሲያበላሹብኝ ይቅር ማለቱ አይከብደኝም። ያንኑ ነገር ለዚያው ሰው መልሶ ሰጥቶ፣ ዞር ብሎ ሳያዩ መውጣት ግን እስካሁን አልቻልኩበትም።