አቀስታ ደርሶ የመጣው ድስታችን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ሁለት ምስማር በከንፈሬ ይዤ፣ መዶሻ ጨብጬ፣ የገዛ ወጥ ቤቴን ግድግዳ በጣቴ እያንኳኳሁ ነበር።

ነገሩን የጀመረችው ባለቤቴ ሰዓዳ ናት። ስልኳ ላይ ድስትና መጥበሻው በቁመቱ ተሰልፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ወጥ ቤት አየች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ዕቃ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ነውር ሆነ። ለተወለደችው ልጃችን የሚታረድበት አቂቃ ደርሷል፣ ዘመድ ሊመጣ ነው፣ ድስት ከአልጋ ሥር ጎትቶ ማውጣት አሳፋሪ ነው አለች።

እኔ አይሰቀልም አልኩ። ጭቃ ቤት ነው፣ ግድግዳው ይጎዳል አልኩ። አቧራ ይገባበታል አልኩ። ያላልኩት ነገር የለም፣ ከእውነተኛው ምክንያት በቀር።

እውነተኛው ምክንያት ይሄ ነው... ከሦስት ሳምንት በፊት ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ለሟች ባለቤታቸው ሰደቃ ሊያወጡ ሲሉ በራችን ላይ መጥተው ትልቁን ድስት እንዳውሳቸው ጠየቁኝ። የሰዓዳ ወንድም ከደሴ ያመጣላት፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተላጠለት፣ የሚያብለጨልጭ ድስት ነው። የእሳቸው ምድጃ ደግሞ እንጨት ነው። ጥላሸቱ ዓይኔ ላይ መጣና አላህ ይቅር ይበለኝ... «እትዬ፣ አቀስታ እህቴ ጋ ሄዷል» አልኩ።

ሰዓዳ ይሄን አታውቅም። እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቁት እኔና እትዬ ዘሐራ ብቻ ነን።

እንግዲህ ይሰቀል ከተባለ የት እንደሚሰቀል መምረጥ የኔ ሥራ ነው ብዬ ተነሳሁ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ መረጥኩ። ሰዓዳ ግራ ገባት። «ካልታየ ለምን ይሰቀላል?» አለችኝ። ምስማሩን መታሁ፣ ምስማሩ ከነጭቃው እግሬ ላይ ወረደ። ወደ ምድጃው በኩል ሞከርኩ፣ እሱም ወረደ። ጭቃ ቤት ውስጥ ምስማር የሚይዘው እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ነው፣ እንጨቱን ደግሞ እያንኳኩ ነው የሚፈልጉት። ግድግዳውን ሁሉ አንኳኩቼ ያን የሚያህል ድስት የሚችል ወፍራም እንጨት ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው... ከበሩ ፊት ለፊት።

ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ። በእትዬ ዘሐራ ቁመት ልክ ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ሁሉም ነገር ይታያል። መጋረጃ እናድርግበት ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ሰዓዳ ትኩሳት እንዳለብኝ ለማወቅ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ተሰቀለ። እውነት ለመናገር ያምራል። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሐራ ለልጅቷ ትንሽ ቅቤ ይዘው መጡ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፣ ቀና አሉ፣ ብዙ አዩት።

«ድስቱ ገባ እንዴ?» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ። የአቀስታ መንገድ እንዴት አደረገው?»

ሰዓዳ አንዴ ድስቱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እኔ ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር አንድ ሰዓት አፍሬ ይበቃኝ ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ። ትናንት በሚኒባስ ገባ አልኩ። እህቴ ደህና መሆኗን ጠየቁኝ። ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች አልኩ። ከእህቴ ጋር ከተደዋወልን ወር አልፎናል።

በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች ሦስት ሆነው መጡ። እኛ ሰፈር ሰው ከመንገድ ሲገባ እንኳን ደህና ገባህ ይባላል፣ ካልተባለ ቅያሜ ነው። ተቀመጡ። አቀስታ ብርዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። መንገዱ ላይ ጭቃ መኖር አለመኖሩን ጠየቁኝ። አንዷ ተነስታ ድስቱን ዞር ዞር ብላ አየችና አልከሳም አለች። አንዳቸውም አልሳቁም። መርቀው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ለሰዓዳ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። በሰደቃው ቀን እትዬ ዘሐራ ጋ ልትረዳ ሄዳ እንደነበር አስታወሰችኝ። ትልቅ ድስት ጠፍቶ በሦስት ትንንሽ ድስት እያፈራረቁ ሲቀቅሉ ሰዉ ምሳውን አሥር ሰዓት እንደበላ ነገረችኝ። የኛን ድስት ላምጣ ብትል እትዬ ዘሐራ «ተይው፣ ይበቃናል» ብለው ከልክለዋት እሷም ስታማስል ውላለች። በጣም አፈርኩ። ለአቂቃው ደግሞ ድስቱም፣ ትሪውም፣ የሚያማስለውም እጅ የሚመጣው ከነዚሁ ሰዎች ነው። አራት ቀን ቀርቶታል። ማን ደጅ ቆሜ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ድስቱን አወረድኩት። ተሸክሜው በሰፈሩ መሐል አለፍኩ፣ ያላየኝ የለም። እትዬ ዘሐራ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ይሄ ድስት አቀስታ አልሄደም» አልኩ። «ዋሽቼዎት ነው። አውፍ ይበሉኝ። እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ የፈለጉትን ይሥሩበት።»

ምስሩን አስቀምጠው ድስቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ወረቀቱን አዩት። ከዚያ በዚያው በተለመደው ድምፃቸው...

«አውፍ ብዬሃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ድስቱን ግን መልሰህ ስቀለው፣ ይረፍ። ከመንገድ ነው የገባው። ለአቂቃው የኔን ትወስዳላችሁ።»

አቂቃው ትናንት አለፈ። ሥጋው የተቀቀለው በእትዬ ዘሐራ ሦስት ጥላሸታም ድስቶች ነው፣ ያማሰሉትም እሳቸው ናቸው። የኛው ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ያብለጨልጫል፣ የገባው እንግዳ ሁሉ ያምራል ይላል፣ የሰፈሩ ሰው ግን ቀና ብሎም አያየው።

መቼ አርፎ እንደሚጨርስ እትዬ ዘሐራን ለመጠየቅ... እስካሁን ወኔ አላገኘሁም።