መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ

የንፋስ መውጫ ሰው ከነብር ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ነብር ቢመጣ ይጮህበታል፣ ድንጋይ ይወረውርበታል። ነፋስ ግን በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ሲወጣ መሐል ያገኘውን ሰው ጎኑን ወግቶ፣ አፉን አጣሞ፣ ወገቡን ቆልምሞ ያልፋል ይባላል። እኔ በደረስሁበት ዘመን በከተማው ውስጥ ትይዩ መስኮት ያለው ቤት አልነበረም ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። ቤት የሚሠራ ሰው አንድ መስኮት ካወጣ ሁለተኛውን ለጎረቤት ይተወው ነበር።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። እኛ ቆላ ለቆላ ወርደን የምንፈራው ወባን ስለሆነ፣ በሌላው አገር ፍርሃት መሳቅ ይቀለን ነበር። የሰው ልጅ የራሱን ፍርሃት ጥንቃቄ፣ የጎረቤቱን አጉል እምነት ብሎ ይጠራል። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ግን ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ያነበብኋቸው መጻሕፍት ከአንድ አገልግል አይበልጡም፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በንጉሡ ዘመን ነው። የእጅ ሥራ ማስተማሪያ ቤት ተከፍቶ ከክፍሎቹ አንዱ ላይ «የቀለም ላቦራቶሪ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰሌዳው ከክፍሉ የሚበልጥ ይመስል ነበር። ውስጡ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ትንሽ ሚዛን፣ ጥቂት ብርጭቆ፣ ሁለት የቆርቆሮ ገንዳ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ጥንድ የጎማ ጓንት ነበረ። ዓላማው የጋይንት ሸማኔ ክሩን በደንብ አንጽቶ ቀለም እንዲያስይዝ ማስተማር ነው። ያን ጊዜ የጥለቱ ቀለም በመጀመሪያው አጠባ ወደ ነጩ እየፈሰሰ ስንቱን ሸማኔ ከደንበኛው ጋር ሽማግሌ ፊት አስቁሞታል።

ከሠልጣኞቹ አንዱ በመጨረሻ ረዳት ሆኖ እንደሚቀጠር ተነግሮን ነበር። ይህ ቦታ ለእኔ እንጀራ ብቻ አልነበረም። አባቴ ከስማዳ ልኮብኝ ነበር፤ «በሬዎቹ ቆመዋል፣ ልጅቱም ታጭታለች፣ ና» የሚል። ልጅቱን አላውቃትም፤ በሬዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ረዳት ካልሆንሁ የምመለሰው ወደ እነሱ ነው።

መምህራችን ከቆላ ከተማ የመጣ፣ በአንድ ጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ክፍል ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነበር። ብርድ ስለማይችል ኮት በኮት ላይ ደርቦ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ ያስተምር ነበር። ይህ ሰው ሥራ ከመጀመራችን በፊት በትልቅ ወረቀት የጻፋቸውን አሥራ ሁለት ደንቦች ግድግዳው ላይ ለጠፈ። የመጀመሪያው ደንብ «በሥራ ጊዜ ሁለቱም መስኮቶች ክፍት ይሁኑ» ይላል። መስኮቶቹን ራሱ ነው ያስወጣቸው፤ ፊት ለፊት፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ። አናጢው ሲሠራቸው እያማተበ ነው አሉ።

እኔ ደንቦቹን በአንድ ቀን ያዝኋቸው። ዜማ ቤት ሁለት ዓመት የቆየሁ ሰው ለአሥራ ሁለት ደንብ ምን ይጨነቃል? በማግስቱ ቆሜ ዳዊት እንደሚደገም አድርጌ በቃሌ ወጣሁላቸው። ስጨርስ ከሠልጣኞቹ በዕድሜ ታላቅ የሆነው ሸማኔ ከልቡ «አሜን» አለ።

«አያ፣ አሜን ደንቡ ውስጥ የለም» አለው መምህር።

«ሲያምር ጊዜ ነው መምህር፤ እኔ እንኳ ምን እንደሚል አልሰማሁትም።»

ከእኛ ጋር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ፊደል አታውቅም፤ ለሞሰብ ስፌት የሚሆን አለላ በመንከር ግን እስከ አርብ ገበያ ከተማ ድረስ የታወቀች ናት። ሁላችንም እታለም እንላታለን። የመጀመሪያ ቀን ገንዳው ላይ ጎንበስ አለችና ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ አደረገችው። መምህር ከተቀመጠበት ዘሎ እጇን ያዘ።

«እታለም! ደንብ አምስት!»

«አምስቱን ተወውና፤ ታዲያ ጨው ማነሱን በምን ልወቀው?»

«በሚዛን።»

«ሚዛን ለገበያ ነው። ምላስ አይዋሽም።»

«ይህኛውን ከቀመስሽው የሚዋሽም የማይዋሽም ምላስ አይኖርሽም።»

እሷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስትገባ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ከኋላ ትቋጥረው ጀመር። ምላሷ ደንቡን ረስቶ እንዳይወጣ ነው ብላ ብትናገርም፣ ዋናው ምክንያቷ ምች ነበር። ከፈላ ነገር የሚወጣ እንፋሎት ምች ያስይዛል ብላ ታምናለች። እኔም ሳቅሁባት። ምች የሚባል በሽታ እንደሌለ ማስረዳት ጀመርሁ፤ የባሰው ደግሞ ማስረዳቴን አለመተዌ ነው። እሷ በነጠላዋ ውስጥ ሆና ሰማችኝ፤ እኔም አፌን ከፍቼ እንፋሎቱ ላይ ቆሜ ተናገርሁ።

የምላሱ ነገር በአንድ ቀን አለቀ። የመስኮቱ ነገር ግን ጦርነት ሆነ። መምህር ጠዋት ይከፍታቸዋል። ዞር ሲል አንዱ ይዘጋል። ሲመለስ ይከፍታል። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ሌላው ይዘጋል። ማን እንደዘጋው ሲጠየቅ ሁሉም ነፋሱን ያመካኛል።

«መምህር፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት» አለው ሸማኔው አንድ ቀን፣ በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚመክር ሰው። «ይህን ነፋስ እኛ እናውቀዋለን። አጎቴ በትይዩ በር መሐል ተቀምጦ ጠላ ሲጠጣ አፉ እንደተጣመመ ቀረ።»

«ከጠላው ይሆናላ» አለች እታለም።

«እታለም፣ ሙት አትዝለፊ።»

መምህር ያን ቀን ጠመኔውን አስቀመጠና ተቀመጠ። ሽታ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው የነገረን። በርበሬ ሲታመስ አጠገቡ ቆሞ አይሰማውም፤ ወጥ ሲያር የሚያውቀው በጭሱ ነው። «የምሠራበት ቤት መስኮት አልነበረውም» አለ። «አሲዱና የክር ማንጫው ዱቄት በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ያስለኝ ነበር፤ ኋላ ሳሉ ተወኝ፤ ሽታውም አብሮ ተወኝ። አሁን እዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር ቢነሣ መጨረሻ የማውቀው እኔ ነኝ። የእናንተ አፍንጫና እነዚህ ሁለት መስኮቶች ናቸው ያሉኝ።»

ሸማኔው ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ፤ መስኮቱን ግን ያን ቀን አልዘጋውም።

መምህር በዚያው ሳምንት እኔን የመስኮት አለቃ አደረገኝ። ደንቡን የምታውቅ፣ ነፋስ የማትፈራ አንተ ነህ አለ። የአውራጃው ሹም ቤቱን ሊመርቅ ሲመጣ ሁሉ ነገር በደንቡ መሠረት ከተገኘ ረዳትነቱን ለእኔ እንደሚጠይቅልኝም ነገረኝ። እኔም አለቅነቴን በደንብ ያዝሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ነፋስ ሰውን እንደማይጎዳ ለተቀሩት አስተምር ነበር።

ሹሙ ከጥምቀት በኋላ መጡ። በበቅሎ ነው የመጡት፤ ከሰባት የማያንሱ አጃቢዎች ተከትለዋቸዋል። በርኖሳቸውን እስከ አገጫቸው አጣብቀው ገቡ፤ አጃቢዎቹ ክፍሉ ስለማይበቃቸው በሩ ላይ ታጭቀው ቆሙ። ሹሙ ሁለቱን መስኮቶች ተራ በተራ አዩአቸው።

«ይህ ምንድነው? ቤት ነው ወይስ አውድማ? እህል ልታዘሩ ነው?»

መምህር ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር፤ ለመስኮቱ የቀረብሁት እኔ ነኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዝጋው።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ጥቂት ማመንታት ይጠብቅ ይሆናል። አላመነታሁም። ረዳት የሚያደርገኝ ደብዳቤ የሚፈረመው በማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱን ዘጋሁ፤ ተሻግሬ ሌላውንም ዘጋሁ፤ እንዲያውም መቀርቀሪያውን በቡጢ መትቼ አጠበቅሁት። የመምህርን ፊት አላየሁም። እንዳላይ ነው ቶሎ የዞርሁት።

«በሉ ሥራችሁን አሳዩኝ፤ ቶሎ ነው የምሄደው» አሉ ሹሙ።

ተራው የሸማኔው ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ ክሩ በመጀመሪያው ገንዳ ውስጥ፣ የሚያነጣው ዱቄት በተበጠበጠበት ውኃ፣ ሲዘፈዘፍ ቆይቷል። ወጥቶ በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ ነው ቀጭን አሲድ ወዳለበት ሁለተኛ ገንዳ የሚገባው። ሁለቱ ሳይታጠብ ከተገናኙ ክፉ አየር ይወጣል፤ ደንብ ዘጠኝ ነው። ሸማኔው ይህን መቶ ጊዜ ሰምቷል፤ ሃምሳውን ከእኔ፣ በዜማ። ሹም «ቶሎ» ሲለው ግን ክሩን እያንጠባጠበ አወጣና ቀጥታ ሁለተኛው ገንዳ ውስጥ ከተተው።

ጭስ አልታየም። መጀመሪያ አፍንጫዬን እንደ መርፌ ወጋኝ፤ ቀጥሎ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሸማኔው ገንዳው ላይ እንዳጎነበሰ ሳል ያዘው፤ ቀና ማለት አልቻለም። ሹሙ በርኖሳቸው ውስጥ ያስላሉ። በሩ ላይ ያሉት አጃቢዎች ጌታቸው ሲያስሉ ሊረዱ ወደ ውስጥ ስለሚገፉ መውጫ የለም። መምህር መሐል ቆሞ ፊታችንን ያያል፤ እንደነገረን መጨረሻ ያወቀው እሱ ነበር።

ወደ መስኮቱ ደረስሁ። ያጠበቅሁት መቀርቀሪያ እምቢ አለኝ። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስጎትተው እታለም በክንዷ ገፋችኝ። ነጠላዋ አፏ ላይ ነው፤ ከእኛ ሁሉ ይልቅ እሷ ትንሽም ቢሆን ትተነፍሳለች። በማማሰያው እንጨት መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ መታችው፤ ተበረገደ። ሄዳ ሌላውንም እንዲሁ አደረገች። ያ የተረገመው ነፋስ በምሥራቅ ገብቶ በምዕራብ ወጣ። እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። መምህር ሸማኔውን ብብቱን ይዞ ወደ መስኮቱ አቀረበው።

ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጉሮሯችንን ስንጠራርግ፣ ሹሙ ውኃ ጠጥተው ድምፃቸው ሲመለስ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር፦

«ደህና ነበርሁ እኮ። ያቺ ሴትዮ መስኮቱን ስትከፍተው ነው ነፋሱ የመታኝ።»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለ አንዱ አጃቢ። «እኔም ሲገባ አይቸዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ ነፋስ አይደለም» አለ መምህር፤ «ከገንዳው የወጣ ነው።»

«ገንዳው በፊቴ በኩል ነበር። እኔን የመታኝ በጀርባዬ ነው።» ወደ እኛ ዞሩ። «ቀድሞ መስኮቱን የዘጋው ማን ነበር?»

ጥፋቴን ላምን ተነሣሁ። ከልቤ ነበር፤ ያን ጊዜ ሸማኔው አጠገቤ ደረቱን ይዞ ያስል ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አስተዋይ ልጅ» አሉ።

ልናገረው ያሰብሁት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ሁለተኛው፣ «ያሳለን መዝጋቴ ነው» የሚለው፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። መምህር ጫማውን ያይ ነበር።

ሹሙ ሳይሄዱ ወረቀት አስጻፉ። ነፋስ ለሠራተኛ ጤና ጠንቅ ስለሆነ መስኮቶቹ በምስማር ይመቱ፤ ለጤና ጥንቃቄ ያደረገው ወጣት ረዳት ሆኖ ይቀጠር። አጃቢዎቹ ያኑ ቀን ምስማሩን መቱት። እኔም በሬዎቹን አመለጥሁ። በብዙ መሥሪያ ቤት ያለፍሁ ሰው ነኝ፤ ብዙ ሹመትም አይቻለሁ፤ ምክንያቱ እንዲህ ተገልብጦ የተጻፈ ግን አላጋጠመኝም። ወይም ያጋጠመኝን ሁሉ ማንበብ አልቻልሁም።

በማግስቱ ጠዋት መምህር ከእኔ ቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ነበር። የተመታውን መስኮት እያየ ተቀምጧል።

«መምህር፣ ትናንት መናገር ነበረብኝ» አልሁት።

«ነበረብህ። ሸማኔው ሌሊቱን ሲያስል አድሯል። ደንብ አንድን በልልኝ።»

አልሁለት። በዜማ አልነበረም፤ ድምፄ እንደዚያ አልወጣም። እሱም ከኪሱ ጉጠት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ወደ እኔ አልገፋውም፤ ንቀልም ተውም አላለኝም። ደብዳቤው በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ምስማሩን ከነቀልሁ የሹሙን ቃል መሻሬ ነው፤ አንድ ሰው ሄዶ ቢነግርብኝ ደብዳቤውም እኔም የስማዳን መንገድ እንይዛለን። ካልነቀልሁ መምህር ዛሬ ምድጃውን አያነድም፤ ነገ ግን ሌላ ሰው ያነደዋል።

ምስማሮቹ ረጃጅም ነበሩ። አጃቢዎቹ በሥራቸው አልቀለዱም። ስምንተኛውን ስነቅል መዳፌ ተልጦ ነበር። መስኮቱን ስከፍተው ያ ብርድ ገባ፤ መምህር ከግድግዳው ያነሣውን የደንብ ወረቀት ሦስተኛ ኮት ይመስል ደረቱ ላይ ይዞ «አንዱ ይቀራል» አለ። ሁለተኛውንም ነቀልሁ።

ሸማኔው የተመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው። ሳሉ እስከ ፋሲካ አልለቀቀውም፤ እሱም እስከ ፋሲካ የታመመው በነፋስ እንደሆነ ይናገር ነበር። ክሩን ሳያጥብ ግን ወደ ሁለተኛው ገንዳ አንድም ቀን አላሻገረም። ስለ ምክንያቱ ብንጣላም ስለ ክሩ ተስማምተናል፤ ሊቃውንት ነን ከሚሉት ብዙዎቹ እዚህ አይደርሱም።

እታለም ምስማሩን በነቀልሁበት ጠዋት ስትገባ ነጠላዋን እየጠመጠመች ክፍት መስኮቶቹን አየች፤ የተላጠውን መዳፌንም አየች። በርጩማዋን አንሥታ ነፋሱ ወደማይደርስበት ጥግ ወሰደችና ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ና አንተ፣ ከመስኮቱ በኩል ሁን» አለችኝ። «ረዳቱ አንተ ነህ፤ ሹመት ያለ ብርድ አይሆንም።»