ይቅርታ የጠየቅሁበት ጎል

አሥራ ሁለት ዓመት ሶዶ ላይ ለሰፈራችን ቡድን አጥቂ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ የዳኝነት ኮርስ ወስጄ ፊሽካ ያዝኩ። ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ "ያው ኳስ ነው" ይላል። አይደለም። ተጫዋች ሳለሁ ስሳሳት ሰፈሩ በሙሉ "አይዞህ" ይለኝ ነበር። ዳኛ ሆኜ ትክክል ስሆን ግን ባጃጅ እንኳን አይጭነኝም።

አላጋነንኩም። ባለፈው ዓመት የድሮ ቡድኔ ከአረካ ከመጣ ቡድን ጋር ሲጫወት የመራሁት እኔ ነበርኩ። ገና ሳንጀምር የአረካው አምበል መጥቶ፣ "ዳኛው የእነሱ ልጅ ነው፤ ይቀየርልን" አለ። የሚቀይረኝ ሰው ስላልነበረ ዋጥ አድርጎት ገባ። እኔም ስድቡን ዋጥኩት።

አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ የእኛ አጥቂ ዘሎ አገባት። "የእኛ" ማለት እስካሁን አለቀቀኝም። ሰዉ ሜዳውን በጩኸት ቀወጠው። ልጁ ግን ያገባው በግንባሩ ሳይሆን በእጁ ነው። ክንዱን ከጆሮው አጠገብ ደብቆ፣ በግንባሩ እንደመታ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር የዘለለው። ሌላ ሰው ላያየው ይችላል። እኔ ግን ያንን አዘላለል አውቀዋለሁ። ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ጎሉን ሻርኩት።

ድንጋይ ተወረወረ። ፖሊስ አጅቦ አወጣኝ። በማግስቱ ደንበኛዬ የነበረው የባጃጅ ሹፌር አይቶኝ እንዳላየ አለፈ። ባለቤቴን አትክልት የምትሸጥላት ሴት ሰላምታ ነሳቻት። እኔን ይስደቡኝ፣ ደመወዜ ነው፤ እሷ ምን አደረገች?

በሳምንቱ አጋማሽ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንደኛው ኳስ ያስተማሩኝ የድሮ አሠልጣኜ ናቸው። አሁን የሰፈሩን ታዳጊዎች ያሠለጥናሉ፤ የቤተክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ ውጤቱን ቀይር አላልንህም" አሉኝ አሠልጣኜ። "እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፊት ወጥተህ 'ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ' በል። ሰፈሩ ይታረቅ።"

"አልተሳሳትኩም እኮ፣ ጋሼ።"

"ባትሳሳትስ? አንዲት ቃል ናት። ምን ትጎዳሃለች?"

ፊሽካዬን ነበር የምትወስደው። ተሳስቻለሁ ብዬ በአደባባይ ካወጅኩ በሚቀጥለው ጨዋታ ስነፋ ማን ይሰማኛል? እምቢ ካልኩ ደግሞ ያደግሁበት ሰፈር ጀርባውን ሊሰጠኝ ነው። "እሺ፣ እወጣለሁ" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው መርቀውኝ ሄዱ። ወጥቼ ምን እንደምል ግን አልጠየቁኝም።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለስብከት መጥተው የማያውቁ ለእኔ ይቅርታ ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ማይኩን ተቀበልኩ። ማንም አልገባኝም እንዳይል በወላይትኛ ነው የተናገርኩት።

"በኳስ ምክንያት አንድ በደል አለብኝ" አልኩ። ሰዉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። "ተጫዋች ሳለሁ አረካን አንድ ለዜሮ አሸንፈን ዋንጫ አምጥተናል። ያቺን ጎል ያገባሁት በእጄ ነው። ዳኛው አላየኝም። እናንተ በትከሻችሁ ተሸክማችሁ ሰፈር ድረስ አመጣችሁኝ፤ ወይፈን አርዳችሁ ሥጋ በዳጣ አበላችሁኝ። ዝም ብዬ በላሁ። ለዚያ ጎል ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካስፈለገ አረካ ሄጄም እደግመዋለሁ። የሰሞኑ ጎል ግን በእጅ ነው የገባው። ነገም በእጅ ቢገባ እሽረዋለሁ።"

ማይኩን መልሼ ወረድኩ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም።

አሠልጣኜ በር ላይ ደረሱብኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያኔ አይቼሃለሁ" አሉኝ።

"ምኑን?"

"እጅህን። ከጎሉ ጎን ነበርኩ።"

ድንጋይ ሲወረወርብኝ እንኳን እንደዚያ አልተናደድኩም። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰውዬው እያወቁ ነው በረከት ሲያወርዱብኝ የኖሩት።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ዋንጫ ነበራ" አሉ። ቀጥሎ ያሉትን ግን መሬት መሬት እያዩ ነው ያሉት። "ከአንተ በኋላ ለመጡት ልጆችም አሳይቻቸዋለሁ። አዘላለሉን።"

ልጁ ሲዘል ለምን ራሴን ያየሁ እንደመሰለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቴ መጥተው "አንዲት ቃል ናት" ያሉኝ ትዝ አለኝ። ክንዴን ከእጃቸው አወጣሁ።

"እንግዲያው ጋሼ፣ የሚቀጥለው እሁድ ማይኩ የእርስዎ ነው" አልኳቸው።

እስካሁን አልወጡም። እኔ ዛሬም ሜዳ እገባለሁ፤ ዛሬም እሰደባለሁ፤ ባጃጅ ካልጫነኝም በእግሬ እሄዳለሁ። እሳቸውም አይቀሩም፤ እንደ ድሮው ከጎሉ ጎን ይቆማሉ። ኳስ ከማዕዘን ሊሻማ ሲል፣ ከተጫዋቾቹ በፊት ዞር ብዬ የማየው እሳቸውን ነው። እስኪያቀረቅሩ ድረስ ምቱን አላስጀምርም።